ሦስተኛው ደብተር

በባጃጅ መጣች፣ በማዳበሪያ ጆንያ፤
የዩሪያው ሽታ ገና አልለቀቃትም።
ልጇ ሒሳብ ከፍላ ስታወርዳት
ሾፌሩ «እህል ነው?» አላት።
«እናቴ ናት» አለችው።
ጡሩምባውን ነፍቶ ሄደ።

ቅጹን አውጥቼ ጠየቅሁ።
ስም፦ እንጉዳይ ደምለው።
የትውልድ ቦታ፦ ደቅ ደሴት። በታንኳ ተድራ የመጣች።
ሙያ፦
ልጅቱ ወደ መስኮቱ ዞረች፤
ከዘንባባዎቹ በስተጀርባ ሐይቁ ነጭ ነበር።
«ምን ልበልሽ፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ክር ትቆጥር ነበር፤
የቀረውን አንቺ እወቂው።»

ጆንያውን ፈታሁ።
የሌሊት ፈረቃ መቆጣጠሪያ፣ ፊቱ የድር ቁጥር፣ ጀርባው ግጥም።
የባሏ ሲጋራ ፓኮ፣ ተተርትሮ፣ ውስጡ ግጥም።
የዕቁብ መዝገብ፦ «ለይታክቱ ሦስት ብር፣»
ከሥሩ፣ በዚያው ቀለም፣
«ጉማሬው ዛሬም የጎመኔን መደብ ረግጦ ሄደ።
ለማን ልክሰሰው?
ዳኛውም ሐይቁ፣ ምስክሩም ሐይቁ።»

ኅዳግ ትወድ ነበር፣ ወይም ሌላ ቦታ አልሰጧትም።
የፋብሪካው ቁጥር መሐሉን ይዞታል፤
እሷ ጠርዝ ጠርዙን ትቀዝፋለች።
አንዱ ጥግ ላይ፣ በደቃቃ ፊደል፦

ለባሕር ዳር ዳሩኝ፣ ዳር ሆኜ ቀረሁ፤
ከዳር ሳላደርሰው፣ ስንቱን ነገር ተውሁ።

ብድግ ብዬ ቆሜ ደገምኩት።
በመጨረሻው «ዳር» ላይ ብዕሯ ወረቀቱን በስቶታል።
ተመልሼ «ሙያ» ከሚለው ፊት
«ጸሐፊ» ብዬ ሞላሁ፤ እስኪደርቅ እፍ አልኩበት።
አለቃዬ በትከሻዬ አየና
«የየትኛው ቢሮ?» አለኝ።

ሌላ ቅጠል፣ ቀኑ የተቀደደ፦
«በሌላ አገር ደንገሉን ቀጥቅጠው ይጽፉበት ነበር
ይላል የልጄ መጽሐፍ።
እኛ አስረን ታንኳ አደረግነው።
እንግዲህ አባቴ፣ ዕድሜ ልኩን፣
ባዶ ገጽ ላይ ተቀምጦ
ዓሣ ያጠምድ ነበር ማለት ነው።»

አንደኛ ደብተር አለ። ሁለተኛ አለ፣ ምስጥ የቀመሰው።
አራተኛ አለ። ሦስተኛው የለም፤
አራተኛው ግን እየደጋገመ ይጠራዋል፦
«በሦስተኛው እንዳልኩት፣»
«የሦስተኛውን መጨረሻ እዚህ አልደግመውም።»
ምነው በደገመችው።

በማግስቱ ልጅቱ ጆንያዋን ልትወስድ ተመለሰች።
ጠየቅኋት። ጆንያውን አጠፈች፣ ዘረጋች፣ አጠፈች።
«ሰባት ዓመቴ ነበር። ክረምት ነው፣ ሽምብጥ፤
ውኃው እስከ ጓሯችን አጥር ወጥቶ።
አንድ ባንድ እየገነጠልሁ ጀልባ ሠራሁባቸው፣
ሽፋኑ ሲቀር ሁሉንም።
ከሌሊት ፈረቃ ስትመለስ ደረሰችብኝ፤
የጥጥ ብናኝ ፀጉሯን አሽብቶት።
አልመታችኝም። አጠገቤ ቁጢጥ አለች።
ቆየች፣ ቆየች፣
‹ተንሳፈፉ?› አለችኝ።
አዎ አልኳት።
ውሸቴን ነው። ቄጠማው ጋ ሳይደርሱ ነው የሰጠሙት።»

ጆንያዋን በብብቷ ይዛ ወጣች።
ደረጃው ላይ አንዴ ቆም ብላ ነበር፤
ከዚያ የባጃጅ ድምፅ።

አንድ መስመር ቀርቶኛል፦
ሦስተኛ ደብተር፣ የሚገኝበት ቦታ።
«ጣና» ብዬ ጻፍኩ።
አለቃዬ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አነበበው፣
በቀይ ሰረዘው።
«ጠፍቷል በይ። ይህ እኮ ቤተ መዛግብት ነው።»
እሺ አልኩት።
«ጠፍቷል» አልኩ፣
በእርሳስ።